ወደ ሀገር ቤት ለምትመጡ ወገኖቼ፦ ከስጦታው ሻንጣ በፊት

ከአሥራ ሰባት ዓመት የዋሽንግተን ኑሮ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባሁት በ2000 ዓ.ም. መባቻ፣ ለሚሌኒየሙ በዓል ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ፒያሳ፣ ታላቅ እህቴ ቤት ወሰዱኝ። የመጀመሪያው ቀን በሳቅና በእልልታ አለፈ። በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ የግቢው በር ተንኳኳና የእድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባታችን፣ ጎረቤቶችና የሩቅ ዘመዶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከታትለው ገቡ። ያሳደገችኝ አክስቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እሑድ እሑድ ስደውልና «እስቲ አገናኙኝ» ስል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ «አሁን ገና ተኛች» ይሉኝ ነበር።

ከለቅሶዬ ይልቅ ቁጣዬ ቀደመ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሻችሁኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ከጎረቤቶቻችን አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ እዚያ ብቻህን ሆነህ ብናረዳህ ማን ይይዝህ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ለዚያ ጥያቄ ዛሬም መልስ አላገኘሁለትም። እኔ መረጃ የማግኘት መብቴ እንደተነፈገ ስቆጥር፣ እነርሱ ከኀዘን ጋር ብቻዬን እንዳልተው ሁለት ዓመት ምስጢር ተሸክመውልኝ ነበር። አንዱን ድርጊት በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች መዝነነው ነበር ማለት ነው።

ይህን ያስቀደምኩት፣ ወደ ሀገራችን ስንመጣ የሚያስደነግጠን እንግዳው ነገር ሳይሆን «አውቀዋለሁ» ብለን ያልተዘጋጀንበት ነገር መሆኑን ስለማምን ነው። ካለርቮ ኦበርግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰው በባዕድ ባህል መካከል ሲገባ ስለሚደርስበት ድንጋጤ ሲገልጽ፣ መጀመሪያ የጫጉላ ጊዜ የመሰለ ደስታ፣ ቀጥሎ መከፋትና መነጫነጭ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መልመድ እንደሚመጣ ጽፏል። ሦስት ዓመት ቆይቶም ጋላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ያው መንገድ ወደ ሀገር በሚመለስ ሰው ላይም እንደሚደገም አሳዩ። በእኔ ግምት የሁለተኛው ድንጋጤ ይበረታል። ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ቶሮንቶ የሄደ ሰው አላዋቂነቱን አምኖ ስለሚሄድ ይጠይቃል፤ ወደ አራት ኪሎ የሚመለስ ሰው ግን መጠየቅ ያሳፍረዋል።

እንግዲህ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከዘመድ መካከል ልበ ጠንካራ የሆነውን አንዱን መርጣችሁ፣ «እኔ ከወጣሁ ወዲህ ማን ማን አረፈ? ያልተነገረኝ መርዶ አለ ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጀመሪያ ያመነታል። አብሯችሁ የሚሆን ሰው እንዳለ፣ የት ሆናችሁ እንደምትሰሙትም ንገሩት፤ የሚያስጨንቀው እሱ ነውና። ከዚያም የመጀመሪያውን ሳምንት ለለቅሶ መድረሻ መድቡት። ብዙዎቻችን ይህን ወደ መጨረሻው እናሸጋግርና ላንጋኖ ወይም ላሊበላ ደርሰን ስንመለስ ቀኑ ያልቃል። ሳትደርሱት የቀራችሁት ሐዘንተኛ ቅሬታውን ፊት ለፊት አይነግራችሁም፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላም በሌላ ሰው አፍ ትሰሙታላችሁ። ዓመታት ያለፉት ለቅሶም ቢሆን ይደረሳል፤ «ሩቅ ሆኜ ነው፣ ነፍስ ይማር» ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ዝምታውን በወሬ ለመሙላት አትቸኩሉ። ቤቱ የተቸገረ መሆኑን ካወቃችሁ የምትሰጡትን በፖስታ አድርጋችሁ ስትወጡ ለቤቱ ታላቅ ለብቻው አስጨብጡት እንጂ በሰው ፊት አታውጡ።

ችግሩ ለቅሶ የምትደርሱበት ቤት ትናንት በነበረበት ቦታ አለመኖሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ አብዛኛው አሮጌ ሰፈር ፈርሷል፤ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሄዷል፤ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ተከተለ። በግድግዳ ተያይዘው፣ በአንድ ቧንቧ ሲቀዱ የኖሩ ጎረቤታሞች በከተማው ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበታትነዋል። በአንድ ከሰዓት በእግሬ አዳርሰው የነበረው የዘመድ ጉብኝት ዛሬ ሦስት ቀን ይወስድብኛል። ስለዚህ ካሰባችሁት ቁጥር ያነሰ ሰው ለማየት አቅዳችሁ ኑ።

በፈረሰው ቦታ ላይ ስለቆመው ነገር የሚኖራችሁን ስሜት አልመራላችሁም። በየካቲት 2016 የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አይቼ ኮርቻለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ የልጅነት ቤቴን አቅጣጫ ስፈልግ ደግሞ ቆሜ አልቅሻለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ሆነ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስለ ሰፈሩ የነዋሪውን ቃል ሳትሰሙ ፍርድ አትስጡ። «እንዴት ዝም አላችሁ?» እያለ የሚቆጣ እንግዳ አይቻለሁ፤ «በሉ አሁን ገና አውሮጳን መሰላችሁ» የሚልም አይቻለሁ፤ ሁለቱም ዕቃውን በጭነት መኪና ጭኖ በሄደው ሰው ፊት ሲናገሩ ነበር።

አቅጣጫ ስትጠይቁም የሚገርማችሁ ነገር አለ። በዚህ ከተማ ሰው የሚመራው በመንገድ ስም ሳይሆን በምልክት ነው፤ ምልክቱ ፈርሶም ስሙ አይፈርስም። የሌለ ሕንፃ «ፊት ለፊት» ትባላላችሁ፤ የተነሣ ሱቅ «ጀርባ» ትባላላችሁ። ግራ ሲገባችሁ ለደወላችሁለት ሰው ያላችሁበትን ከመግለጽ ይልቅ ስልኩን አጠገባችሁ ለቆመው ጥበቃ ወይም ሊስትሮ ስጡት፤ በአንድ ደቂቃ ይግባባሉ። በሚኒባስ ስትሄዱ ረዳቱ የሚጠራው መዳረሻ አልተለወጠም፤ «ወራጅ አለ» የምትለዋም እንዳለች ናት፤ ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቸርችል ጎዳና ሥር ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በእግራችሁ ስትወጡ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ እርጅና ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

የሰዓቱን ነገር እንደ ቀላል አትዩት። የወንድሜ ልጅ፣ እዚያው ውጭ ሀገር ተወልዶ ያደገው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት «ስምንት ሰዓት ና» ተብሎ በፈረንጆቹ ስምንት ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዶ ስድስት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። «ቢሮክራሲው ገደለኝ» እያለ ሲመጣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይስቅባችሁም፤ እኛም እርስ በርስ እንጠያየቃለን። በዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት በመሆኑ የልደት ዘመናችሁን በቃል ከመናገራችሁ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደሚመዘገብ አረጋግጡ። በሰነድ ላይ የገባ የስምንት ዓመት ስሕተት ለማረም ከአንድ ዕረፍት በላይ ይፈጃል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው፣ ወደ ገንዘብ ልምጣ። በ1983 ዓ.ም. እኔ ስወጣ አንድ ዶላር በሕጋዊው ምንዛሪ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለእናንተ ይህ ማለት የአንድ ቤተሰብ ምሳ በዶላር ሲሰላ እጅግ ቀላል ሆኖ መታየት ነው፤ ደመወዙ በብር ለሆነው መምህር ወንድማችሁ ግን የዘይትና የጤፍ ዋጋ ከእጁ ሲያመልጥ ማየት ነው። ስለዚህ በዘመድ ፊት «እንዴት ርካሽ ነው!» የምትለውን ቃል ከአፋችሁ አውጧት። እኔ ይህን የተማርኩት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ሒሳቡን አይቼ በሳቅ «ይኼ እኮ ምንም ማለት አይደለም» ካልኩ በኋላ፣ ከእኔ አስቀድሞ ለመክፈል ኪሱ የገባው የአጎቴ ልጅ እጁን ቀስ ብሎ ሲያወጣ ባየሁ ጊዜ ነው። ያን ቀን የከፈልኩት እኔ ነበርኩ፤ የተሸማቀቀው እሱ ነበር።

የእርዳታ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መምጣቱም ክፋት አይደለም። ከመምጣታችሁ በፊት የምትችሉትን መጠን ከትዳር አጋራችሁ ጋር ወስኑ፤ ከዚያም በላይ ለሚጠይቃችሁ «አየዋለሁ» አትበሉ። «አየዋለሁ» እዚያ የጨዋ እምቢታ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ይጠበቃል። በተቃራኒው ደግሞ እዚህ የሚሰጣችሁ «እሺ» ሁልጊዜ ውል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ «ሰምቼሃለሁ፣ ላስከፋህ አልፈልግም» ማለት ነው። ነገሩ በእርግጥ እንዲሆን ከፈለጋችሁ «መቼ? ከማን ጋር?» ብላችሁ በለዘበ ቃል ጠይቁ፤ በማግስቱም ደውሉ። ይህን ውሸት ብሎ የሚጠራ ወዳጅ አለኝ፤ እኔ ይሉኝታ እለዋለሁ፤ ክርክራችን አላለቀም።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ከቋንቋው ይልቅ ወግን አስቀድማችሁ አስተምሯቸው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለት፣ የተሰጠን ነገር በሁለት እጅ መቀበል፣ ጉርሻን ፊት ሳያዞሩ መጉረስ፣ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ መሀል ላይ ተነሥቶ አለመሄድ፤ እነዚህን ያወቀ ልጅ አማርኛው ቢሰበርም ይወደዳል። በሰው ፊት «እስቲ አማርኛ ተናገር» እያላችሁ አታስፈትኑት። «ፈረንጅ» መባሉን ልመዱት፤ ስድብ አይደለም። ሴት ልጄን ግን የጎዳት ሌላ ቃል ነበር፦ አንዲት የእናቴ ጓደኛ አገላብጠው ስመው «ወፈርሽ፣ ተመስገን» አሏት። ማታ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ለእኚያ እናት፣ ክፉ ዘመን ላዩ ሰው፣ ውፍረት ደኅንነት እንደሆነ ያስረዳኋት ከለቅሶዋ በኋላ ነው፤ ከመምጣታችን በፊት ልነግራት ይገባኝ ነበር።

ስለ ወረቀት ጉዳይ በአጭሩ ልበል። በዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ ሀገር ዜግነት በፈቃዱ የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ «እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት» ማለት በመስኮት በኩል የሚያስገኘው ፈገግታ ብቻ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ሲሆን ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ለመኖርና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ያስችላል፤ ለመምረጥና ለመመረጥ ግን አያበቃም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በቋሚነት አያስቀጥርም። ደጋግማችሁ የምትመጡ ከሆነ አውጡት። አገልግሎት ስትጠብቁ በዚያ በምትኖሩበት ሀገር ያለውን አሠራር እየጠቀሳችሁ አትሟገቱ፤ ሰልፉን አያሳጥርም፤ ከኋላችሁ የቆመውን ሰው ግን ያስቆጣል።

በመጨረሻም ስለ ሻንጣው። አብዛኞቻችሁ ሁለቱን ሻንጣ፣ እያንዳንዱን 23 ኪሎ አድርጋችሁ፣ በስጦታ ሞልታችሁ ትመጣላችሁ። መመለሻው ላይ ግን ቢያንስ አንዱን ግማሽ ባዶ ተዉት፤ የመሄጃችሁን ዋዜማም ለማንም ቀጠሮ አትስጡ። በዚያ ምሽት ኮንዶሚኒየም የገቡት የድሮ ጎረቤቶች በሁለት ታክሲ ተሳፍረው በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ቋጥረው ይመጣሉ። እዚያ በሱቅ እንደሚገኝ አውቃችሁም «አያስፈልግም፣ እዚያ ሞልቷል» አትበሉ። ተቀበሉና በፊታቸው ሻንጣው ውስጥ አስቀምጡት፤ ሚዛኑ ከበዛ ጫማችሁን አውጡ።