ካርቶን ውስጥ የከረመ ቦት ይዘህ ተራራ አትውጣ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተራራ አደን ልትወጣ ነው። ቦታው ገደላማ ነው፣ አምስት ቀን ትቆያለህ፣ ጭነትህን የምትሸከመውም ራስህ ነህ። አንድ ወዳጅህ ከስድስት ዓመት በፊት ገዝቶ አንድም ቀን ያላደረገው የቆዳ ቦት አለው። በግማሽ ዋጋ ሊሰጥህ ነው። ካንተ ልክ በአንድ ቁጥር ይበልጣል፤ «እግሬ ሰፊ ስለሆነ ይስማማኛል» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ «አዲስ እኮ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ» አሉህ። እኔ ግን አትውሰደው ነው የምልህ። በዚሁ ጉዳይ የደረሰብኝ ነገር ስላለ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1. መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እንጨርስ። እግር ሰፊ ነው ብሎ ረጅም ጫማ መግዛት ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ስፋቱን ታገኘው ይሆናል። ግን ቦቱ የሚታጠፍበት ቦታና እግርህ የሚታጠፍበት ቦታ አይገጥሙም። ተረከዝህ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ ይላል። ዳገት ላይ ተረከዝህ ውሃ ይቋጥራል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግርህ ወደፊት እየተንሸራተተ ጣቶችህ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ። ለሰፊ እግር መድኃኒቱ ሰፊ ፎርማ ነው፤ ማለትም ጫማው ተወጥሮ የሚሠራበት የእግር ቅርጽ። አንዱ አምራች ጠባብ ፎርማ ይጠቀማል፣ ሌላው ሰፊ። አንድን ሞዴል በተለያየ ስፋት የሚያወጡም አሉ። ስትገዛ ይህን ጠይቅ።

ስትለካ የውስጥ ንጣፉን አውጣና በባዶው ቁምበት። እግርህ በጎን በኩል ከንጣፉ ከተረፈ ያ ጫማ ያንተ አይደለም። ከረጅሙ ጣትህ ፊት አንድ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። የምትለካው ወደ ማታ ይሁን፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምበት ያብጣል። ተራራ ላይ የምታደርገውን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዘህ ሂድ። ሁለቱም እግር እኩል አይደለምና ትልቁን ተከተል።

ዋናው ፈተና ግን ቁልቁለት ነው። ክሩን በደንብ እሰርና የቦቱ አፍንጫ ወደ ታች እንዲያይ ባዘነበለ ነገር ላይ ቁም። ደረጃ ወይም ጣውላ ቢሆን ይበቃል። ሦስት አራት ጊዜ መሬቱን በአፍንጫው ምታ። ጣትህ ጫፉን ከነካ ተወው። ይሄን እኔ የመጀመሪያ ቦቴን ስገዛ ላደርግ ብዬ ነበር። ሻጩ ሰው ፊት «ጫማ ነው እንጂ ቤት አይደለም የምትገዛው» አለኝ። አፈርኩ። ሳልለካ ከፍዬ ወጣሁ። በዚያው ወቅት የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቆረ። አንደኛው ወልቆ ወደቀ፤ ተመልሶ እስኪስተካከል ከዓመት በላይ ፈጀ። አንተ እንዳታፍር። አንድ ሰዓት ሙሉ ሱቁ ውስጥ ተመላለስ። ፊቱን የሚያጠቁርብህ ሻጭ ካለ ሌላ ጋ ሂድ። ተራራው ላይ አብሮህ አይወጣም።

2. ጥንካሬ። ለሜዳ የሚሆን ቦትና ለገደል የሚሆን ቦት አንድ አይደሉም። አደን ላይ መንገድ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የምትሄደው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሆን አግድም ነው፤ ተዳፋቱን ጎን ለጎን እየቆረጥክ። ያኔ መሬቱን የሚነካው የሶሉ ጠርዝ ብቻ ነው። ሶሉ ለስላሳ ከሆነ ይጠመዘዛል፣ ቁርጭምጭሚትህና ባትህ ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ ይውላሉ። ጠንካራ ሶል ጠርዙ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ቦቱን ተረከዙንና አፍንጫውን ይዘህ እንደ እርጥብ ጨርቅ ልትጠመዝዘው ሞክር። በቀላሉ ከተጠመዘዘ ለሌላ ሥራ ይሁን። ከመጠን በላይ የደረቀውም ግን አይሆንም። ለበረዶ መውጫ የተሠራ ጭራሽ የማይታጠፍ ቦት አለ፤ እሱን አድርገህ ረጅም ሜዳ ስትሄድ እግርህን ይገድልሃል፣ ድንጋይ ላይም ድምፅ ያሰማል። እንስሳው ሰማህ ማለት ቀኑ አለቀ።

ክብደቱንም እይ። እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው አራት አምስት እጥፍ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ጠንካራ ይሁን ተብሎ ከሚያስፈልግህ በላይ ብረትና ጎማ አትሸከም።

የታችኛው ጎማ ላይ ቪብራም የሚል ጽሑፍ ታይ ይሆናል። ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ ነው ያመጣው። እ.ኤ.አ. በ1935 ፑንታ ራሲካ በሚባል ተራራ ላይ ስድስት ባልንጀሮቹ ሞቱ። ለአደጋው በከፊል ምክንያት የሆነው ለዚያ አየርና ለዚያ ተራራ የማይሆን ጫማ ማድረጋቸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ የታንክ ሰንሰለት የሚመስል ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል አወጣ። ያንን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ ጫማ ለእኔ ተራ ዕቃ አይደለም። ጥርሱ ጠለቅ ያለ፣ ተረከዙ ላይ ግልጽ ደረጃ ያለው ሶል ምረጥ። ቁልቁለት ላይ የሚይዝህ ያ የተረከዝ ደረጃ ነው።

3. ዕድሜ። እዚህ ጋ ነው ወዳጅህና እኔ የምንገናኘው።

ከዓመታት በፊት በጣም ጥሩ ቦት ገዛሁ። ሙሉ ቆዳ፣ ዙሪያውን በወፍራም ጎማ የተከበበ። ሳስቼለት አላደርገውም ነበር። «ለትልቁ ጉዞ» ብዬ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። በላዩ ላይ ፕላስቲክ አልብሼ፣ አየር በማይገባበት መጋዘን ውስጥ። ሰባት ዓመት ቆየ። ትልቁ ጉዞ ሲመጣ አወጣሁት፤ እንደተገዛ ነው። ያብረቀርቃል። ሽታው እንኳን የአዲስ ነበር። ጓደኛዬ ሁሉ ቀናብኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ የተራራ ፍየል አየን። ከእኛ በላይ፣ ድንጋያማ ትከሻ ላይ ቆሟል። ሁለት ሰዓት ያህል በአግድም ዞርን። በመሀል የግራ ተረከዜ ሥር አንድ ነገር ልስልስ አለብኝ። ጭቃ የረገጥኩ መስሎኝ አለፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ሶሉ ከአፍንጫው በኩል አፉን ከፈተ። ቁጭ ብዬ ሳየው ከቆዳውና ከታችኛው ጎማ መሀል ያለው ንጣፍ በጣቴ ሲነካ እንደ ደረቀ ስፖንጅ ይፈረፍራል። ማስቲሹ አይደለም የለቀቀው። ሶሉ ራሱ ሞቷል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የቀኙም ተከተለ።

በትርፍ የጫማ ክር፣ በገመድና በፕላስተር አሰርኩት። በየመቶው እርምጃ ይፈታል። አራት ሰዓት የሚፈጀውን ቁልቁለት አሥራ አንድ ሰዓት ፈጅቶብን ወረድን። የመጨረሻውን የወረድኩት ሶል በሌለው ቆዳ ነው፤ እያንዳንዱ ጠጠር እግሬ ውስጥ ይሰማኛል። ጓደኛዬ የእኔን ጠመንጃና ግማሽ ጭነቴን ተሸከመ። እሱ የዚያን ዓመት ፈቃድ ለማግኘት ዓመታት ጠብቋል። ፍየሉ እዚያው እንደቆመ ጥለነው ወረድን። አንድም የቁጣ ቃል አልተናገረኝም። እስከዛሬ የሚያመኝ እሱ ነው።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተማርኩት። የብዙ ጠንካራ ቦቶች የመሀል ሶል የሚሠራው ፖሊዩረቴን ከሚባል ነገር ነው። ጭነት ይችላል፣ አይደፈጠጥም፣ ለተራራ ግሩም ነው። ግን አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ይበላዋል። ሃይድሮሊሲስ ይሉታል። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ይፈጥናል። ጫማው ተደረገም አልተደረገም ሂደቱ አይቆምም። እንዲያውም አምራቾቹ ራሳቸው አዘውትረህ አድርገው፣ አየር ባለበት አስቀምጠው ይላሉ። ዝግ ካርቶንና ፕላስቲክ የከፋው ቦታ ነው። እኔ ያንን ቦት ስንከባከበው የኖርኩ መስሎኝ ነበር።

ለአምራቹ አካፋፋይ አመለከትኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዋስትናው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ብቻ ነው አሉ። እሺ፣ ይሁን። ግን ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ቦቱን ገለበጥ አድርጎ አየና «ጫማ ይደረጋል እንጂ ማን አስቀምጥ አለህ?» አለኝ። እውነት አለው። ግን ካርቶኑ ላይ፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ፣ የትም ቦታ ይህ አልተጻፈም። ቆዳውን በሰም ቀባ የሚል ግን በስምንት ቋንቋ ተጽፏል። ሰው ሕይወቱን ገደል ላይ በሚያስቀምጥበት ዕቃ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ በትልቁ መታተም ነበረበት። አሁንም ያናድደኛል።

ቦቱን አልጣልኩትም። የተራራ ጫማ የሚያውቅ ጫማ ሰፊ ፈልጌ ወሰድኩለት። ቆዳውን መርምሮ «ይሄ ገና አልተነካም» አለኝ። ሙሉውን ሶል አነሳና አዲስ አደረገለት። ከዚያ ወዲህ አምስት ወቅት አድርጌዋለሁ። ሶሉን አንዴ ደግሜ አስቀይሬዋለሁ። ቆዳው በእግሬ ቅርጽ ተሠርቷል፤ አሁን ማንም አዲስ ቦት ቢሰጠኝ አልለውጠውም። ስለዚህ አዲስ ስትገዛ «ሶሉ ይቀየራል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ላይኛው ቆዳ ጥሩ ከሆነ ሶል ዕቃ ነው፣ ይተካል። መቀየር የማይቻል ከሆነ ቆዳው ጤነኛ ሆኖ ጫማው ይጣላል።

ወዳጅህ በነፃ ቢሰጥህና ቁጥሩ ልክህ ቢሆን ኖሮ፣ ወስደህ ሶሉን አስቀይር እልህ ነበር። ግን ቁጥሩ ያንተ አይደለም። ሶል ማስቀየር ደግሞ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማለማመጃ ጊዜ አይኖርህም። ሁለት ወር ነው ያለህ። አዲሱን በዚህ ሳምንት ግዛና በገዛህበት ቀን ማለማመድ ጀምር። መጀመሪያ ቤት ውስጥ አድርገው። ቀጥሎ አጭር መንገድ። ከዚያ ጭነት ተሸክመህ ዳገትና ቁልቁለት። ወፍራም ቆዳ በአንድ ሳምንት አይገራም። ተረከዝህ አካባቢ ሙቀት ሲሰማህ ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቅ፤ እዚያው አውልቀህ ፕላስተር ለጥፍበት።

ስለ ክር አንድ ነገር ልጨምር። ዳገት ስትወጣ የላይኛውን ክፍል ላላ አድርግ፣ ቁርጭምጭሚትህ ይታጠፍ። ልትወርድ ስትል ቁጭ ብለህ እንደገና እሰር። እግርህ ወደ ቅልጥምህ በሚታጠፍበት ቦታ ክሩን ሁለት ጊዜ አጠላልፈህ አጥብቅ፤ ያ ተረከዝህን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሁለት ደቂቃ ነው። ጥፍርህን ያተርፍልሃል።

ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያለው፣ እንደ ጎርቴክስ ያለ፣ ጥሩ ነው። ግን ውሃው በአፉ በኩል ከገባ ቶሎ አይደርቅም። እርጥብ ሣርና በረዶ ካለ ገምባሌ አድርግበት። ሙቀት መጠበቂያ የተሞላውን፣ ሁለት መቶ ግራም አራት መቶ ግራም የሚሉትን፣ ለአንተ አልመክርም። እሱ ተቀምጦ ለሚጠብቅ አዳኝ ነው። አንተ ዳገት ስትወጣ እግርህ ያልበዋል፤ ከዚያ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ በመነጽር ስታይ ያ ላብ ይበርድና ያንቀጠቅጥሃል። ደረቅ ካልሲ ይዘህ ጫፍ ላይ ቀይር።

ማታ ቦትህ ቢረጥብ እሳት ዳር አታስቀምጠው። ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ንጣፉን አውጣ፣ ወረቀት ወትፍበት፣ ነፋስ ባለበት ተወው።

አሁንም ልብህ ወዳጅህ ቦት ላይ ከሆነ ዛሬ ማታ ገልብጦ የጎኑን ፎቶ እንዲያነሳልህ ጠይቀው። ከቆዳውና ከታችኛው ጎማ መሀል ያለውን ንጣፍ በአውራ ጣቱ ጠበቅ አድርጎ ይጫነው፣ ቦቱንም ያጥፈው። ስስ መሰንጠቅ፣ መጣበቅ ወይም መፈርፈር ካየ አለቀ። ምንም ባያይም አትመን፤ የእኔው ጤነኛ ይመስል ነበር። ምላሱ ውስጥ የተለጠፈ ጨርቅ ላይ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ወርና ዓመት ይኖራል። እሱን እዚህ ለጥፍልኝ፤ ነገ ጠዋት አይቼ እመልስልሃለሁ።