ከዱባይ ወደ ጓንግዡ ለምትበሩ ወገኖች፦ የቲኬቱን ሰዓት አስልታችሁ ያዙ

በዱባይ፣ በሻርጃና በአቡ ዳቢ እየኖራችሁ ለንግድ ዕቃ ወደ ጓንግዡ የምትመላለሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስባችሁ እወዳለሁ። ቲኬቱ ላይ የሰፈሩት የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች የየአገሩ ሰዓቶች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው በመቀነስ ብቻ የበረራውን ርዝመት ማወቅ አይቻልም።

ከዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጓንግዡው ባዩን አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ወደ 5,800 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውሮፕላኑ የተፈቀደለትን መስመር ስለሚከተል ግን የሚበረው ከዚህ በለጥ ይላል። ያለ ትራንዚት ሲኬድ 7 ሰዓት ገደማ፣ ሲመለሱ ደግሞ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ልዩነቱን የሚያመጣው በ10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲሆን፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት በሰሜን ሕንድ ሰማይ ላይ ስለሚበረታ የመልሱን ጉዞ ያረዝመዋል።

ቻይና ከኤምሬትስ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ከዱባይ በ10:00 ተነሥቶ ጓንግዡ በ21:00 የሚያርፍ በረራ በወረቀት ላይ 11 ሰዓት ቢመስልም 4ቱ ሲቀነሱ 7 ሰዓት ብቻ ነው። በአንጻሩ ከጓንግዡ በ00:15 ተነሥቶ ዱባይ በ04:45 የሚገባው 4 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ እውነቱ ግን 8 ሰዓት ተኩል ነው። ያን ቀን ጠዋት ሥራ ለመግባት ለአሠሪያችሁ ቃል ስትሰጡ ይህን አስቡበት።

ከሁሉ ይበልጥ የምሰጋው ግን ስለዚያ የ00:15 በረራ ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ነው፤ በልማዳችንም ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ ሰዓቱን የሰኞ ሌሊት እንለዋለን፤ ቲኬቱ ግን ማክሰኞ ይላል። ማክሰኞ የሚለውን ብቻ አይቶ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚሄድ መንገደኛ፣ አውሮፕላኑ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ቀድሞት ሄዷል። እንዲህ ያለ ቲኬት ስትይዙ በስልካችሁ ላይ «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሰኞ ማታ» ብላችሁ መዝግቡ። ባዩን ከከተማው መሐል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከሆቴል ውጡ፤ የዕቃ ግዢያችሁንም ከዚያ በፊት ጨርሱ።

ትራንዚት ያለው ቲኬት ዋጋው ቢቀንስም፣ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ካልተያዙ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም፤ ሻንጣችሁንም ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ማስረከብ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ለዚያም የመተላለፊያው አገር ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል። ቲኬት ቆራጩን ጠቅላላ የጉዞው ጊዜ ስንት እንደሆነና የትኛው ተርሚናል እንደምትሄዱ በግልጽ ጠይቁት፤ ዱባይ ውስጥ አል መክቱም የሚባል ሌላ አውሮፕላን ማረፊያም ስላለ ስሙን ከቲኬቱ ላይ አረጋግጡ። ለሚቀበላችሁ ሰውም የመድረሻውን ቀን በእሱ አገር ሰዓት ጽፋችሁ፣ የበረራ ቁጥሩን ጨምራችሁ ላኩለት።