ማሊቡ ለምን ቀረ? ያገለገለውንስ ልግዛው ወይ? ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት። «የሸቭሮሌት ማሊቡ መሠራቱ ቆመ። ፎርድና ክራይስለርም ሴዳን ትተዋል። ሴዳን ጊዜው አልፎበት ነው ወይስ አሜሪካኖቹ ተሸንፈው ነው? የ2022 ማሊቡ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ጨምሬ የቶዮታ ካምሪ ልያዝ?» ነው ያልከው። (ሴዳን የምንለው የዕቃ መጫኛው ከኋላ ለብቻው የሆነውን ባለ አራት በር የቤት መኪና ነው።) ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በሴዳን እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ሰሜን ቨርጂኒያ ታክሲ ነድቻለሁ፤ ዛሬም ኑሮዬ መሪ ላይ ነው። ስጀምር ናሽናል ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ከፊትህም ከኋላህም የምታየው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበር። ብዙዎቹ ከፖሊስ አገልግሎት የወጡ ናቸው። እንደ ጭነት መኪና ሻንሲው ለብቻ፣ ቦዲው ለብቻ ነው። ሞተሩ 4.6 ሊትር ቪ8። አራት ሰው ከነሻንጣው ጭነህ ወደ ደለስ ኤርፖርት ስትወጣ ምንም አይመስለውም። መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል። አሁንም መንገድ ላይ ድምፁን ስሰማ ዞር ብዬ አያለሁ።

ያ መኪና ግን መሠረቱ የ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ ነው። ፎርድ እያሻሻለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሸጠው፤ ለእኛ ሥራ የሚሆን ተተኪ ሴዳን ግን አላዘጋጀም። በ2008 ሐምሌ ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር ሲያልፍ ተራው ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። የመጨረሻው ክራውን ቪክቶሪያ በመስከረም 2011 ካናዳ፣ ሴንት ቶማስ ካለው ፋብሪካ ወጣ፤ ፋብሪካውም ተዘጋ። ከዚያ እኛ ሾፌሮቹ ምን ገዛን? ብዙዎቻችን ካምሪ ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አዳብሎ የሚሄደውን) ገዛን። ካምሪ ደግሞ ሴዳን ነው። ሰውየው ያው፣ ሥራው ያው፣ የመኪናው ዓይነትም ያው። የተቀየረው አርማው ነው። «ደንበኛው ሴዳን ጠላ» ሲሉኝ የማልቀበለው ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

የፎርድን ቶረስ አስበው። በ1986 ሞዴል ሲወጣ ከሌሎቹ የአሜሪካ ሴዳኖች ጋር አይመሳሰልም ነበር። ማዕዘኑ ለስለስ ያለ፣ በፊት ጎማው የሚሄድ፣ ለቤተሰብ የሚበቃ። ከ1992 እስከ 1996 በአሜሪካ በሽያጭ አንደኛ የሆነው የቤት መኪና እሱ ነበር። በ1996 ሞዴል ግን ሁሉን ነገር እንቁላል አስመስለው አወጡትና ብዙ ሰው ሸሸው። በ1997 ካምሪ ቦታውን ወሰደ። ከዚያ በኋላ የፎርድ ልብ ወደ ኤክስፕሎረር (ከፍ ያለው ኤስዩቪ) እና ወደ ኤፍ-150 ፒክአፕ ሄደ። ቶረስ ለኪራይ ድርጅቶች በጅምላ የሚሸጥ መኪና ሆነ፤ በ2006 ስሙንም ጣሉት። አለን ሙላሊ ከቦይንግ መጥቶ ኃላፊ ሲሆን፣ ይህን ያህል የታወቀ ስም እንዴት ይጣላል ብሎ ፋይቭ ሃንድረድ ይባል የነበረውን መኪና ቶረስ አስባለው። ስሙ ተመለሰ፤ ደንበኛው ግን እስከዚያ ድረስ ሌላ ቤት ለምዶ ነበር።

ሸቭሮሌት ደግሞ ከዚህ ባሰ። ትንሹን መኪናቸውን ካቫሊየር አሉት። በ2005 ኮባልት አሉት። በ2011 ሞዴል ክሩዝ ሆነ። የቶዮታው ኮሮላ ግን ከ1966 ጀምሮ ኮሮላ ነው። አዲስ አበባ ላይ የኮሮላ ዲኤክስ ስም እየሰማ ያደገ ልጅ እዚህ ሲመጣ የመጀመሪያ መኪናውን ሲመርጥ ብዙ አያመነታም። አባቱ የሚያውቀው ስም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንለው ለሰው ቢሆንም፣ ለመኪናም ይሠራል።

የፕሪዝምን ታሪክ የሚያውቅ እዚህ ስንቶቻችን ነን? የሸቭሮሌት ባለቤት ጂኤምና ቶዮታ ከ1984 ጀምሮ ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ውስጥ አንድ ፋብሪካ በጋራ ያሠሩ ነበር። ከዚያ ፋብሪካ ኮሮላም ይወጣል፣ የጂኤሙ ፕሪዝምም ይወጣል። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ሠራተኛ እጅ የተሠሩ፣ በመሠረቱ አንድ መኪና ናቸው። ሰው ግን ጨምሮ ኮሮላውን ይገዛ ነበር። ያገለገለ ፕሪዝም ከኮሮላ ረክሶ ይገኝ ስለነበር እኛ የምናውቀው ሰዎች እሱን ነበር የምናድነው። መኪናው ምንም አልጎደለውም። የጎደለው እምነት ነው። እምነት ደግሞ በማስታወቂያ ሳይሆን በስንት ዓመት አገልግሎት ነው የሚመጣው። ፋብሪካውን ዛሬ የያዘው ቴስላ ነው። ሞዴል 3ን የሚሠራው እዚያ ነው፤ ሞዴል 3 ሴዳን ነው፤ ያውም የአሜሪካ ሴዳን።

ጥፋቱን ሁሉ ግን ዲትሮይት ላይ፣ ማለትም በፎርድ፣ በጂኤምና በክራይስለር ላይ አልጭንም። ሕጉም ገፍቷቸዋል። ከውጭ በሚገባ ፒክአፕ ላይ ከ1964 ጀምሮ 25 በመቶ ቀረጥ አለ። ይህ ለእነሱ የታጠረ ግቢ ነው፤ ጃፓን በቀላሉ አይገባበትም። ሴዳን ላይ እንዲህ ያለ አጥር አልነበረም። የነዳጅ ቁጠባ ደንቡም ለቤት መኪና ጠበቅ ያለ፣ ለቀላል ጭነት መኪና ላላ ያለ ነው። ብዙዎቹ ኤስዩቪዎች ደግሞ በሕጉ የሚቆጠሩት ከቀላል ጭነት መኪና ነው። በዚያ ላይ ለስንት ጡረተኛ የጡረታና የሕክምና ወጪ ተሸክመው ነው ከቶዮታ ጋር የሚወዳደሩት። ትንሽ መኪና ላይ የሚገኘው ትርፍ ይህን አይችልም። ፒክአፕ ይችላል።

ስለዚህ ተራ በተራ ወጡ። ክራይስለር 200 በታኅሣሥ 2016 ቆመ፤ ስተርሊንግ ሃይትስ ያለው ፋብሪካው አሁን ራም 1500 ፒክአፕ ያወጣል። ፎርድ በሚያዝያ 2018 ሴዳኖቹን በሰሜን አሜሪካ እንደሚተው አስታወቀ። ቶረስ በ2019፣ ፊውዥን በ2020 አበቃ። ጂኤም ኦሃዮ ውስጥ ክሩዝ ይሠራበት የነበረውን የሎርድስታውን ፋብሪካ በመጋቢት 2019 አቆመ። ከ1966 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ ነው፤ አባትና ልጅ የተቀጠሩበት። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ማሊቡ በኅዳር 2024 ሲቆም፣ ከዲትሮይት በቤንዚን ከሚሄዱ ሴዳኖች በሥራ ላይ የቀሩት የካዲላክ ሲቲ4 እና ሲቲ5 ነበሩ።

«ኩባንያ የሚሠራው ለትርፍ ነው፤ የማያተርፈውን ቢያቆም ምን ያስገርማል?» ብለው ከላይ ለጻፉት ጋሼ፣ የሂሳቡ ነገር ልክ ነዎት። የ2018ቱን የሒሳብ ወረቀት ብቻ ካዩ እኔም እንደዚያው እወስን ይሆናል። ግን ጋሼ፣ ወጣት ልጅ ኤክስፕሎረር ገዝቶ አይጀምርም። በትንሽ ሴዳን ነው የሚጀምረው። የሆንዳ ሲቪክ ገዝቶ ካልከዳችው፣ አግብቶ ልጅ ሲወልድ እዚያው ሆንዳ ሄዶ ሲአርቪ የሚባለውን ኤስዩቪ ይገዛል። በሠፈራችን ስንቱን እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። የፎርድ ፎከስና የሸቭሮሌት ክሩዝ ሲቀሩ የተዘጋው ይህ በር ነው። የዚያ ኪሳራ በዚያው ዓመት ሒሳብ ላይ አይታይም፤ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው።

ቶዮታ በተቃራኒው ምን እንዳደረገ ይመልከቱ። በጥር 2017 አዲሱን ካምሪ ያቀረበው እዚያው ዲትሮይት አውቶ ሾው ላይ ነው። ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ገንዘብ አፈሰሰበት። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ካምሪ ተሸጧል። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ሃይብሪድ ነው። የሚሠራው ጆርጅታውን፣ ኬንታኪ ነው፤ ከ1988 ጀምሮ። የሆንዳው አኮርድም ከ1982 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሜሪስቪል፣ ኦሃዮ ሲገጣጠም ኖሯል። በአሜሪካ ምድር፣ በአሜሪካ ሠራተኛ እጅ ሴዳን ተሠርቶ ማትረፍ ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። የማሊቡ መቆም መለዋወጫ ይጠፋል ማለት አይደለም። ያ ቅርጽ ከ2016 እስከ 2025 ሞዴል ድረስ ያው ነው፤ መንገድ ላይ በጣም ብዙ አለ። ረከሰልህ ያልከው ግን እስካሁን የተረክኩልህ ነገር ውጤት ነው። ማሊቡ ሲያረጅ ከካምሪ ፈጥኖ ዋጋው ይወርዳል። ይህ ለሚገዛው ሰው ጥሩ ነው፤ በሁለት ዓመት ለሚሸጠው አይደለም። ሰባት ስምንት ዓመት ልትይዘው ካሰብክና ለቤትና ለሥራ መመላለሻ ከሆነ አትፍራው። ኡበር ልትሠራበት ከሆነ ግን ጨምረህ ካምሪ ሃይብሪድ ያዝ። የነዳጁ ልዩነት በየሳምንቱ ኪስህ ውስጥ ይታይሃል፤ ስትሸጠውም ሰው ይሻማበታል።

ማሊቡውን ከመረጥክ እነዚህን ሳታይ አትፈርም። መጀመሪያ የኪራይ መኪና ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ለማወቅ ታሪኩን አውጣ። ኪራይ መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ብዙዎቹ ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ናቸው፤ ቱርቦ ደግሞ ዘይት ሳይቀየርለት የቆየ እንደሆነ አይምርም። የዘይት ለውጡን ደረሰኝ ጠይቅ። የ1.5 ሊትሩ ካምቢዮ ሲቪቲ (ማርሽ በደረጃ የማይቀይር አውቶማቲክ) ስለሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ ነድተህ እየው። ለሻጩ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሣው» በለው። ቀስ ብለህ ከቆምክበት ስትነሣ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚጮህ ከሆነ ተወው፤ ሌላ ሞልቷል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ያልተሠራለት ሪኮል (አምራቹ ላስተካክል ብሎ የጠራው ጉድለት) እንዳለ የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ ፈልግ፤ ነፃ ነው። ከዚያ የራስህ መካኒክ ጋ ወስደህ ሊፍት ላይ አስወጣው። «ጊዜ የለኝም» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ጥለኸው ሂድ።

አሌክሳንድሪያ አካባቢ ከሆንክ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሥራ አልገባም። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና አብረን ሄደን እናየዋለን።