አሥረኛው ለቅሶ

በዚህ ዕትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጫለሁ፤ አራቱም ስለ ልጆች ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፀደ ሕፃናት አስተምሬአለሁ፤ ሦስት ልጆችም አሳድጌአለሁ። ክፍል ውስጥ ታጋሽ ነበርኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ትዕግሥቴን በር ላይ የማስቀምጥባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። ከታች የምጽፈው ከሁለቱም ቦታ የተማርኩትን ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ማታ ማታ ስልክ ይዞ ይቀመጣል። «በቃ፣ ስጠኝ» ስለው መጀመሪያ ይለማመጠኛል፤ ቀጥሎ ያለቅሳል፤ ከዚያ መሬት ላይ ይንከባለላል። አብዛኛውን ቀን ጸንቼ እከለክለዋለሁ፤ ሥራ ውዬ ደክሞኝ የገባሁ ዕለት ግን «እሺ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ» እለዋለሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ተኝቶ አያውቅም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለመቀስቀስ ደግሞ ሌላ ጦርነት ነው። አባቱ «አሞላቀቅሽው» ይለኛል። እውነት ሞልቃቃ ሆኖብኝ ነው?
— የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ተማሪ ነው። ያስተማርሽውን አንድም ሳያጎድል ይዞታል። ችግሩ አፍሽና እጅሽ የሚያስተምሩት መለያየቱ ነው። አፍሽ «በቃ» ይላል፤ እጅሽ በአሥረኛው ለቅሶ ላይ ስልኩን ይመልሳል። ልጅ ደግሞ የእጅን ትምህርት ቶሎ ይይዛል። ዘጠኙ ለቅሶ ምንም እንደማያመጣ፣ አሥረኛው ግን እንደሚሠራ ገብቶታል። ስለዚህ በየምሽቱ ከአንድ ይጀምርና እስከ አሥር ይደርሳል። አንቺ በእሱ ቦታ ብትሆኚ አታደርጊውም?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህን ነገር በአይጥና በርግብ አጥንቶታል። ማንሻውን በተጫነች ቁጥር ምግብ ታገኝ የነበረች አይጥ፣ ምግቡ ሲቋረጥባት ብዙ ሳትቆይ ትተወዋለች። አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳታውቅ ታገኝ የነበረችው ግን ምግቡ ከቆመ በኋላም ረጅም ጊዜ መጫኗን አታቆምም። ልጅሽን ከአይጥ ጋር አወዳደርሽው ብለሽ እንዳትቀየሚኝ፤ ሎተሪ የሚቆርጥ ትልቅ ሰውም ያው ነው። አምስት ቀን ከልክለሽ በስድስተኛው መፍቀድሽ ለቅሶውን ያጸናዋል፤ በየቀኑ ብትፈቅጂለት ኖሮ እንኳ ይህን ያህል ሙጭጭ ባላለ ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ የምትወስኚው ስለ ራስሽ ነው። እጅግ ደክሞሽ በገባሽበት ዕለት እንኳ ልትጠብቂው የምትችይው ልክ የትኛው ነው? ግማሽ ሰዓት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይሁን፤ ግን ገና ሳያለቅስ፣ በደስታ ስጪው። ከለቅሶ በፊት የተሰጠ ግማሽ ሰዓት ፈቃድ ነው፤ ከለቅሶ በኋላ የተሰጠ አምስት ደቂቃ ግን ደመወዝ ነው።

አሁን ስለ አነጋገሩ። ከጓዳ ሆኖ «በቃ አላልኩህም!» ብሎ መጮኽ ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ከጨዋታው እንዲነሣ ስፈልግ አጠገቡ ሄጄ እንበረከክ ነበር፤ እጄን ትከሻው ላይ አደርግና ዓይኑ ከያዘው ነገር ተነሥቶ እኔን እስኪያይ ዝም እላለሁ። አንዳንዱ አሥር ሰከንድ ይፈጅበታል። ካየኝ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እናገራለሁ። ለስድስት ዓመት ልጅ «አምስት ደቂቃ ቀርቶሃል» ማለት እምብዛም ትርጉም የለውም፤ «ይህ ጨዋታ ሲያልቅ» ግን ይገባዋል። ሲያልቅ ስልኩን ራሱ ያጥፋው፣ ራሱ ወደ ቦታው ይውሰደው። መካከለኛዋ ልጄ በተራቀቀ ክርክሯ ጠበቃ ትሆናለች የተባለላት ነበረች። የወጥ ቤት ሰዓት ሞልቼ አጠገቧ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ከእኔ ጋር ሌት ተቀን የምትሟገተው ልጅ ከደወሉ ጋር አንድም ቀን አልተሟገተችም።

ሲያለቅስ አትስበኪው፣ አትደራደሪውም። «አዝነሃል፤ ይገባኛል። ስልኩ ግን ተኝቷል» በይና አጠገቡ ሆነሽ ልብስ እጠፊ። ደግሜ የምነግርሽ ነገር ቢኖር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ እንደሚብሱ ነው። ይሠራ የነበረ ዘዴ እንቢ ሲል ማንም ሰው መጀመሪያ አጥብቆ ይሞክረዋል፤ በሩ አልከፈት ያለው ሰው መያዣውን እንደሚነቀንቀው ማለት ነው። ብዙ እናቶች በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው እጅ ይሰጣሉ። እዚያ ላይ እጅ ከሰጠሽ ልጁ የሚማረው ሃያኛው ለቅሶ እንደሚሠራ ነው።

የእንቅልፉ ነገር ከስልኩ አይለይም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሣ ልጅ ቢዘገይ ቢዘገይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል ማለት ነው። ያንቺ ልጅ በየሌሊቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጎድልበታል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ትንሽ ነገር ያስለቅሰዋል። የስክሪን ብርሃን በበኩሉ አንጎል ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገያል። ስለዚህ ስልኩ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይተኛ። ከዚያ መታጠብ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ አንድ ተረት፣ መብራት ማጥፋት፤ በየምሽቱ በዚሁ ቅደም ተከተል ይሁን።

አባቱ «አሞላቀቅሽው» ማለቱን ትቶ አንድ ነገር ያግዝሽ፦ በዚያ ሰዓት የእሱም፣ ያንቺም፣ የልጁም ስልክ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይግባ። እሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን እያሻሸ ለልጁ «አስቀምጥ» ማለቱ እኔን እንኳ አያሳምነኝም።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ጥርሷን እንድትቦርሽና መጽሐፍ እንድታነብ ለእያንዳንዱ ተለጣፊ ኮከብ እሰጣት ነበር። አሥር ኮከብ ሲሞላ ስጦታ አለ። መጀመሪያ ተአምር ሠራ። አሁን ግን ወለል ላይ የወደቀ እርሳስ አንሺ ስላት «ስንት ኮከብ?» ትለኛለች።
— የነጋዴዋ አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስምህን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒዝቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን «ብትሥሉ ሽልማት አለ» ተባለ፤ ሁለተኛው ሳይነገረው ሣለና በድንገት ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማንም ሳያዛቸው ምን እንደሚያደርጉ ሲታይ፣ ሽልማት አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው በሥዕል ላይ ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። የሚወዱት ነገር ሥራ ሆነባቸው።

ስለዚህ የንባቡን ኮከብ ዛሬውኑ ተወው፤ በቦታው አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ አንብብላት። የጥርሱ ጉዳይ ይለያል፤ ጥርስ መቦረሽን ከልቡ የሚወድ ልጅ አላየሁም፤ ኮከቡ የሚያበላሸው ፍቅር የለም። ግን ኮከቡን ቀስ እያልክ አሳሳው፦ መጀመሪያ ለጠዋትና ለማታ አንድ ላይ አንድ ኮከብ፣ ቀጥሎ ለሳምንቱ አንድ፣ ከዚያ ይረሳል። «ጎበዝ» የምትለውንም ቆጥብና ያየኸውን ንገራት፤ «የኋላዎቹን ጥርሶች ሳትረሺ ቦረሽሽ» የሚለው ነገ ምን መድገም እንዳለባት ይነግራታል። በሰባት ዓመቷ እጇ ገና ስላልበሰለ ማታ አንተ አፏን ከፍተህ እይላት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

«ማንኛውም ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚሉህን አትስማ። ለንደን ውስጥ በአዋቂዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በአማካይ 66 ቀን ያህል እንደሚፈጅ አሳይቷል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን በቅቷል፣ ለሌላው ከ200 ቀን በላይ የሚሆን ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለልም ነገሩን አላፈረሰውም። አንድ ምሽት ሳትቦርሽ ብትተኛ አትቀስቅሳት።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት የልጅ ልጄ አትክልት አይነካም። እያባበልን፣ እየተከተልን፣ «ይህን ከበላህ ከረሜላ አለ» እያልን እናጎርሰዋለን።
— አያት

መልስ፦ አባቴ፣ መከተሉን ይተዉት። ኤለን ሳተር የተባለች የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ከፍላዋለች፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው አዋቂው ነው፤ ስንት እንደሚበላ፣ ከነጭራሹም መብላቱን የሚወስነው ልጁ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ትንሽ አትክልት ሳህኑ ጥግ ያድርጉለት፤ ስለ እሷም አያንሡ። እርስዎ ግን ከፊቱ በደስታ ይብሉ። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ ከመልመዱ በፊት አሥርና ከዚያ በላይ ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ይሰለቻል። ከረሜላው ደግሞ አትክልቱን ዕዳ፣ ከረሜላውን ንጉሥ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የአሥር ዓመት ልጄ የቤት ሥራውን ሳይሠራ «ሠርቻለሁ» ይላል። ትናንት ደብተሩን ገልጬ ባዶ ሳገኘው መታሁት። የመታሁት ለውሸቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አያይም።
— የተጸጸተች

መልስ፦ ልፈርድብሽ አልችልም። የበኩር ልጄ ሰባት ዓመቱ ሳለ መነጽሬን ሰበረና አንድ እግር ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ደበቀው። ሳገኘው «ማን ሰበረው?» አልኩት። አውቃለሁ እኮ! «እኔ አይደለሁም» አለ፤ መታሁት። ከወራት በኋላ አንድ ሳህን ጎደለ፤ ብፈልግ ብፈልግ ስባሪውን አላገኘሁም። እኔ ውሸትን የቀጣሁ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የተማረው ጠለቅ አድርጎ መደበቅን ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ወላጆች ልጅን በመምታት እንዳይቀጡ ሲመክር፣ ዱላ ጠበኝነትን እንደሚያባብስ እንጂ ጠባይን ለዘለቄታው እንደማያርም ጠቅሷል። እኔ ከሳህኑ ነው የተረዳሁት።

ይቅርታ ጠይቂው፤ ግን «ይቅርታ፣ አንተም እኮ…» ብለሽ አታበላሺው። «መምታቴ ስሕተት ነበር» ብለሽ አቁሚ። የቤት ሥራውን ነገር በሌላ ሰዓት አንሺ። መልሱን የምታውቂውን ጥያቄ አትጠይቂው፤ «ሠርተሃል?» የሚለው ለውሸት የተከፈተ በር ነው። «ደብተሩ ባዶ መሆኑን አይቻለሁ፤ የከበደህ የቱ ጋ ነው?» በይው። ባዶ ደብተር ብዙ ጊዜ ከስንፍና ይልቅ ያልገባውን ነገር መደበቂያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እውነቱን ከነገረሽ «ይህን መናገር ከባድ ነው፤ ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል» በይ፤ ባዶው ገጽ ግን ያው ይሠራል።

ዛሬ ማታ ደብተሩን ይዘሽ ከጎኑ ተቀመጪ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አብራችሁ ሥሩ፤ ሁለተኛውን ለብቻው ይሞክር። እርሳሱን ከእጁ አትውሰጂ፤ ከወንበርሽም አትነሺ።