ጸጥታ አትጠብቂ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ

«በኮሮና ጊዜ ሁሉም ሰው ቤት ተቀምጬ ይህን ያህል መጽሐፍ አነበብኩ ይላል። እኔ ግን ልጆቼን ይዤ አንድም አልጨረስኩም። አሁንም ጸጥታ ስለማላገኝ ጀምሬ አቋርጣለሁ። እናንተ እንዴት አድርጋችሁ ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። ረዘም ይልብሻል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ፣ ያኔ አለማንበብሽ ስንፍና አልነበረም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤት ተዘጋ ሲባል ልጆች ሁሉ ቤት ዋሉ። ልጅ ቤት ሲውል ሥራው ማን ላይ እንደሚወድቅ ደግሞ እናውቃለን። ምሳው፣ ልብሱ፣ እጅ ማስታጠቡ፣ ጭቅጭቁ፣ ሁሉም እናት ላይ ነው የተከመረው። የቀን ሥራ ሠርቶ ለሚያድር ሰውማ ቤት መቀመጥ ማለት ጦም ማደር ነበር። ስለዚህ ያ ጊዜ ለሁሉም የንባብ ጊዜ ነበር የሚለውን ወሬ አልቀበለውም።

እኛ ቤትም ጸጥታ የሚባል ነገር አልነበረም። ደሴ ነው ያለነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ተመልሼ ገባሁ። እናቴ፣ የአባቴ እህት፣ ታናናሾቼ፣ ሁላችንም ሁለት ክፍል ውስጥ ነን። ንባብ እኛ ቤት የገባው በቡና ሰዓት ነው።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ጎረቤትም ቀረ። የወሎ ሰው ጎረቤት ሳይጠራ ቡና ሲያፈላ ምን ያህል እንደሚከብደው ለእናንተ አልነግርም። እናቴ ቡናውን አልተወችም፤ ጨዋታው ግን ጠፋ። ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ የሚያወጣውን የተያዘ ሰው ቁጥር ሰምተን ዝም እንላለን። አንድ ቀን እናቴ ራሷ «ያ ሬዲዮ ላይ የነበረው ፍቅር እስከ መቃብር መጽሐፉ የለህም?» አለችኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ የሰማችውን አልረሳችውም። መጽሐፉ ከታተመ ከ1958 ጀምሮ ስንት ቤት እንደዞረ አስቡት። እኛም ከጎረቤት ተውሰን ጀመርን።

ቡናው ሲቆላ አነባለሁ። ሙቀጫው ሲጮህ አቆማለሁ። ጀበናው ሲጣድ እቀጥላለሁ። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉበት ቦታ ስንደርስ እናቴ ሲኒውን አስቀምጣ «ልጁ ሳይጠየቅ? እንዴት ብሎ!» አለች። አክስቴ ደግሞ «የጨነቀው ሰው ምን የማይሳለው አለ» ብላ ተከራከረቻት። እስከ በረካ ድረስ ተሟገቱ። እኔ ያን ዕለት ሁለት ገጽ እንኳ አላነበብኩም፤ ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን ያለ ንባብ አይቼ አላውቅም። ፊታውራሪ መሸሻማ ስንት እርግማን ቀመሱ!

እንደ ብዙ የወሎ ቤት እኛም ቤት ሁለቱም ሃይማኖት አለ። ያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፣ ረመዳን ደግሞ ሚያዝያ 16 ገባ። አክስቴ ሙስሊም ናት። ስለዚህ ቡናው እሷ ካፈጠረች በኋላ ሆነ፣ ንባቡም አብሮ ወደ ማታ ዞረ። ለተራዊህ፣ ለረመዳን የማታ ስግደት፣ መስጊድ መሄድ አልተቻለም፤ ቤት ሰግዳ ስትጨርስ «በል እስቲ ቀጥል» ትለኛለች። መብራት የጠፋ ማታ በስልክ ባትሪ እናነባለን።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ትንሽ ቆይታ አክስቴ የራሷን ማውጣት ጀመረች። የሼህ ሁሴን ጅብሪልን ግጥም በቃሏ ትወርደዋለች፣ መንዙማም ታክልበታለች። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ያህል እንደምታውቅ አናውቅም ነበር። ታናሽ ወንድሜ የሒሳብ ደብተሩን ገልብጦ በጀርባው በኩል ይጽፍላት ገባ። ደብተሩ ዛሬም አለ።

ልጆቹም ተራ ያዙ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት አሰልችቷቸው ነበር፤ ይሄን ግን ይጣሉበት ጀመር። አንዱ ሲያነብ ቃል ከዘለለ እናቴ «እንዲህ አይልም፣ መልሰህ አንብበው» ትላለች። ሁልጊዜም ልክ ናት። ፊደል ባታውቅም አማርኛውን ታውቀዋለች።

የመጽሐፍ ነገር አስቸጋሪ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ዝግ ነው። ከጎረቤት የመጣውን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አሳድረን ነበር የምንነካው። በኋላ ግን በሽታው በዋናነት በትንፋሽና በአየር እንደሚተላለፍ ታወቀ።

ስለ ስልክ ደግሞ አንድ ልበል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆየ። ክረምት ነው፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል፣ የሚወጣ የለም። ያን ጊዜ ነው ብዙ ያነበብነው። መቋረጡ ስንቱን ሰው ጎድቷል፣ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ከመጽሐፍ የሚያጣላን ማን እንደሆነ በደንብ አየሁ። አሁን በቡና ሰዓት የሁላችንም ስልክ ሌላው ክፍል ነው የሚቀመጠው።

አንቺ እንግዲህ ጸጥታ አትጠብቂ። ልጆች ባሉበት ቤት አይመጣም። ሽንኩርት ስትከትፊ ማንበብ የሚችለው ልጅሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ያንብብልሽ። መስማትም ማንበብ ነው፤ እናቴ መጽሐፉን ጨርሳዋለች ብዬ በሙሉ ልቤ ነው የምናገረው። ምልልስ የበዛበትን ምረጪ፣ ለጆሮ ይቀላል። ልብ ሲሰቀል አቁሙ፣ ነገ እነሱ ራሳቸው ይጠይቁሻል። ካልጣማችሁ ተዉትና ሌላ ጀምሩ። አደራ ብቻ፣ «ምን ተረዳህ?» እያልሽ እንደ ፈተና አታድርጊው። ልጅ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሲያይ ይሸሻል። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው ትረካም ጥሩ ነው፣ በተለይ እጅሽ ሥራ ላይ ሲሆን። እኔ ግን የቤት ሰው ድምፅ ይበልጥብኛል፤ ማስቆም፣ መከራከር፣ መሳቅ አለበት።

የልጆችሽን ዕድሜ ብትጽፊልኝ ለየትኛው ምን እንደሚሆን አብረን እናያለን። ደሴ አካባቢ ከሆንሽም ንገሪኝ፣ እኛ ቤት ካለው አውስሻለሁ።