የአንባቢያን ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ቲማቲማችን ለምን ጠቆረ?

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ ዳር 60 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ተከራይተን፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስቱ ልጆቻችን ቅዳሜና እሁድ አትክልት እናለማለን። ኮምቦልቻ የምትኖረው እህቴ የሰጠችንን የቲማቲም ችግኝ በሰኔ ከድንቹ አጠገብ ተክለነው አምሮበት ነበር፤ በነሐሴ ግን ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠቆረ፣ ፍሬውም ሳይቀላ ቡናማ ሆኖ ተበላሸ። ችግኝ አፍልተን ያዛወርነው ካሮትም ሁለትና ሦስት እግር እያወጣ አስቸገረን። ልጆቹ ተስፋ እንዳይቆርጡ ምን እናድርግ?
አንዲት እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጆች ውኃ ሲያጠጡት የከረመ ተክል በሳምንት ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል። ይሁንና ከገለጹልን ምልክት እንደምንረዳው ጥፋቱ የእንክብካቤ ጉድለት ሳይሆን የወቅትና የቦታ ነው። ቲማቲምዎን የጎዳው ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት፣ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙለት የሚያይል፣ ድንችንም ቲማቲምንም የሚያጠቃ በሽታ ሳይሆን አይቀርም። በሚቀጥለው ክረምት ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አንድ የታመመ የድንች ቅጠል ገልብጠው ይመልከቱ፤ በጠቆረው ክፍል ዙሪያ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ስስ ነጭ ሻጋታ ካዩ እርሱ ነው። በነፋስና በዝናብ ፍንጣሪ ስለሚዛመት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን መትከል አንዱ ሌላውን እንዲበክል መንገድ ይከፍታል።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ የእናንተ ማሳ ከእህትዎ ጓሮ በ4 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ቲማቲም ደግሞ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድበት ፍሬ መያዝ ይቸገራል። ስለዚህ የእህትዎን ችግኝ እንጂ የእህትዎን የተከላ ጊዜ አይውሰዱ።

በእኔ አስተያየት ለቲማቲም ከአምስትና ከስድስት እግር በላይ ቦታ ባይሰጡት ይሻላል። ዘሩን በጥር ቤት ውስጥ በጣሳ አፍልተው፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ በየካቲት መጨረሻ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር ቢተክሉትና በእንጨት ደግፈው ቅጠሉን ሳያረጥቡ ሥሩን ብቻ ቢያጠጡት፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ ፍሬ የማግኘት ዕድልዎ ይጨምራል። የቀረው መሬት ደጋ ለሚስማማቸው ለሀበሻ ጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለቀይ ሥር፣ ለነጭ ሽንኩርትና ለድንች ይዋል። ድንቹን በደንብ አፈር ያስታቅፉት፤ ፍሬ ከያዘ በኋላ በሽታው ከታየበትም ግንዱን ከሥሩ አጭደው ከማሳው ያርቁና ሁለት ሳምንት ቆይተው ይቆፍሩ፤ ይህን ካደረጉ የሚበሰብሰው ይቀንሳል። ሳይለቀም የሚቀር ድንች በሽታውን ለከርሞ ስለሚያሻግር፣ ልጆቹ ከቁፋሮው በኋላ አፈሩን እየፈተሹ ቢለቅሙት ትልቅ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች በመሆናቸው፣ አንዱ በነበረበት መደብ ላይ ሌላውን ከሦስት ዓመት በፊት አይመልሱ።

የካሮቱ መፍትሔ ቀላል ነው። ካሮት መዛወር አይወድም፤ ሲነቀል የዋናው ሥር ጫፍ ስለሚቆረጥ ነው እግር የሚያበዛው። ድንጋይና ያልተብላላ ፍግም እንዲሁ ያደርጉታል። መደቡን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ድንጋዩን ይልቀሙ፤ ፍግ ካለዎት ለጎመኑ ይስጡት። ከዚያ ዘሩን እዚያው በመስመር ዘርተው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ያልብሱትና እስኪበቅል በሣር ሸፍነው በቀስታ ያጠጡት። ብቅ ለማለት እስከ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ቶሎ አልወጣም ብለው አይገልብጡት። ጣት ሲያክል በመካከሉ 5 ሴንቲ ሜትር እየተዉ ያሳሱት፤ ሲሳሳ የሚነቀለውን ቀጫጭን ካሮት ልጆቹ አጥበው እዚያው ሊበሉት ይችላሉ።