ዘጌ የቀዳኸው ማህሌት በፍላክ አልቀንስ ላለህ ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት፣ ዘጌ የቀዳኸው ማህሌት 24 ቢት ነው (አንዱ የድምፅ ልኬት በ24 የ0 እና 1 ቦታ ይጻፋል)፣ ወደ ፍላክ (ድምፁን ሳይጎዳ ፋይሉን የሚያሳንስ ፎርማት) ስትቀይረው መጠኑ ብዙም አይቀንስም፣ ፕሪዲክሽኑን (ቀጣዩን ድምፅ የመገመት ስራውን) እንዴት ላሻሽለው ነው ያልከው አይደል? እኔም እዚሁ ባህርዳር በዚህ ነገር ስንት ሌሊት ተቃጥያለሁ።

1. ኦርደሩን፣ ማለትም ለግምቱ ወደኋላ የሚያያቸውን ሳምፕሎች (ድምፁ በየቅጽበቱ ተለክቶ የሚጻፍባቸውን ቁጥሮች) ብዛት፣ እየጨመርክ አትድከም። ፍላክ በደረጃ 8 (በከፍተኛው የመጭመቂያ ደረጃው) ቢበዛ 12 ያለፉ ሳምፕሎችን አይቶ ነው ቀጣዩን የሚገምተው፣ የሳተውን ልዩነት ብቻ ይጽፋል። ፎርማቱ እስከ 32 ይፈቅዳል ግን 32 ሳምፕል በ44.1 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 44,100 ሳምፕል) አንድ ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም፣ የበገና ወፍራም ጅማት አንዴ እስኪርገበገብ ከዛ ብዙ እጥፍ ይፈጃል። በመቶ የሚቆጠር ሳምፕል ወደኋላ እያዩ በየሳምፕሉ ራሳቸውን የሚያርሙ ሌሎች የመጭመቂያ ፕሮግራሞች አሉ፣ እነ መንኪስ ኦዲዮ በከፍተኛው ደረጃ፣ እነ ኦፕቲምፍሮግ፣ የእውነት ይቀንሳሉ፣ ግን መልሶ ለመክፈትም ኮምፒውተሩን ያደክሙታል፣ ስልክ ላይማ እርሳው።

2. ድምፁን እየው። ቁም ዜማ ላይ ሰው ብቻ ስለሆነ ጥሩ ይገመታል፣ ጸናጽል ሲገባ ግን አለቀ፣ ያን ክሽክሽታ መገመት ሎተሪ እንደመቁረጥ ነው። የጣና ንፋስ ደግሞ ሰው ይፈራዋል እንጂ ጉምጉምታ ስለሆነ ፕሪዲክተሩ በቀላሉ ይይዘዋል፣ ማይኩን ካልደፈነው በቀር። ጠላትህ ሪከርደሩ ራሱ የሚያወጣው ሽሽታ ነው፣ 6 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር በየሳምፕሉ አንድ ቢት ገደማ ያስከፍልሃል።

3. ዋናው ይሄ ነው፣ ፋይሉን ማን ነካብህ? እኔ የቀዳሁት በ16 ቢት ነበር፣ አንድ ቢሮ ላስረክብ ስሄድ (ስሙን ተወው) ልጁ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "24 ቢት ካልሆነ አንቀበልም" አለኝ። እሺ ብዬ ከስር 8 ዜሮ ጨምሬ 24 አደረግኩለት፣ ፍላክ እነዛን ባዶ ቢቶች አውቆ ስለሚተዋቸው ምንም አልጨመረብኝም። ልጁ ግን "ድምፁ አንሷል" ብሎ ኖርማላይዝ አድርጎ (ሙሉውን ድምፅ በአንድ ልክ ከፍ አድርጎ) እዛው ላዩ ላይ ሴቭ አደረገበት! ሳይጠይቀኝ! ድምፁ በነጥብ ቁጥር ሲባዛ እነዛ 8 ዜሮዎች በሙሉ በዝብርቅርቅ ቁጥር ሞሉ፣ የትኛውም ፕሪዲክተር አይገምታቸውም። ትርፉን በስቴሪዮ 44.1 ስታሰላው በሰከንድ 705 ኪሎቢት ነው፣ በሰዓት 317 ሜጋባይት ገደማ፣ አንዲት አዲስ ድምፅ ሳትጨመርበት። ስነግረው "አንተ ደግሞ ኢንጂነር ነህ እንዴ?" ብሎኝ ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔ ግን የሪከርደሩን ካርድ አላጠፋሁትም ነበር፣ ኃላፊው ጋ ገብቼ ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን ከፍቼ አሳየሁ፣ ኃላፊው "ዋናውን ተቀበለው" አለው፣ ልጁ ዝም። ይቅርታ የሚባል ነገርማ የለም እዛ ቤት።

4. ያንተም እንደዚሁ ሊሆን ይችላል፣ 24 ቢት ነው ብለሃል እኮ። ከሪከርደሩ ካርድ ላይ ያለውን ዋቭ (ያልተጨመቀውን ፋይል) ቀጥታ በደረጃ 8 ሞክረው፣ ድምፅ ከፍ ማድረግ ካስፈለገህ ለማዳመጫ ሌላ ኮፒ ላይ አድርገው። በአንድ ማይክ ቀድተህ ሁለቱም ቻናል አንድ አይነት ከሆነ አትጨነቅ፣ ፍላክ ልዩነታቸውን ስለሚይዝ ሁለተኛው ከምንም አይቆጠርም። ካርዱን ፎርማት አድርገኸው ከሆነ ግን ኖርማላይዝ የተደረገውን ይዘህ ትልቅ ዲስክ ግዛ፣ ሌላ ቀላል መላ የለውም።